«እሺ» ማለት መያዝ አይደለም

ብቸና ለሚገኙት ለውድ አባቴ ለአቶ አሸብር፤

አባባ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎስ እንዴት ይዞዎታል? የአገርዎ አየር ይሻለዋል ብለው ብቸና ከገቡ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ነው፤ እውነት ተሻለው ወይስ እኛ እንዳንጨነቅ ነው? አክስቴ እትዬ ሠርኬስ ጉልበታቸው እንዴት ነው? ልጃቸው ብሩክስ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ አረፈ፣ ወይስ እርስዎ ጋዜጣ እያስነበቡ አላስቀምጥ ብለውታል? እኔና እማዬ ተመስገን ደህና ነን፤ ከእርስዎ መራቅ በቀር ይህ ጎደለን የምንለው የለም። እማዬ ፍልሰታን እየጾመች በርበሬዋን ትሸጣለች። ጎጃም በረንዳም በጭቃው ውስጥ እንደተጋፋ አለ፤ ዛሬ ጠዋት አንዱ ጋሪ ገፊ «ዞር በይ!» ብሎ ሳይጨርስ ነጩን ሸሚዜን በጭቃ አቅልሞታል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ብሩክ፣ የምታነብላቸው አንተ ነህና ከዚህ ጀምሮ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብ። አባባ፣ እርስዎም እስከ መጨረሻው ሳይሰሙ እንዳይቆጡ። ባለፈው ወር ስለ በረራ ፈተናዬ በስልክ ሲጠይቁኝ «ጥሩ ነበር» አልኩዎት። ዋሽቼዎታለሁ፤ ወድቄ ነበር። በስልክ የዋሸሁትን በስልክ ማረም ስለከበደኝ ነው በደብዳቤ የመጣሁት።

ፈተናው ሲሙሌተር የሚባለው ላይ ነው። ለእትዬ ሠርኬ «ልጄ የውሸት አውሮፕላን ትነዳለች» ብለው እንዳወሩ ሰምቻለሁ፤ ስሙን አላጡትም። በአዳራሽ ውስጥ በብረት እግሮች ላይ የቆመ ክፍል ነው። ውስጡ እንደ እውነተኛው አውሮፕላን መሪ፣ ፔዳልና ስክሪን አለው፤ በመስኮቱ ደመናው፣ ዝናቡ፣ ማረፊያው ሁሉ ይታያል። ከአዳራሹ ንቅንቅ አይልም፤ ግን አስተማሪያችን ካፒቴን መቅደስ ከኋላ ተቀምጣ አንዲት ቁልፍ ስትነካ ኮረኮንች ላይ እንደገባ አይሱዙ ያንዘፈዝፈናል። ሞተር ማጥፋቱም መብረቅ ማምጣቱም በእሷ እጅ ነው። ላቡ ብቻ የውሸት አይደለም።

የወደቅሁ ዕለት አጠገቤ የተቀመጠው ነስረዲን ነበር፤ አብነት ሰፈር ያደገ፣ አብሮኝ የሚሰለጥን ልጅ ነው። ዝናቡ መስኮቱን ሸፍኖት፣ ነፋሱ ከጎን እየገፋን ሳለ የግራው ሞተር ጠፋ። ሁለታችን ሥራ መከፋፈል ነበረብን፤ አንዱ ያበርራል፣ ሌላው የአደጋ መመሪያውን እያነበበ ሞተሩን በሥርዓት ይዘጋል። እኔ መመሪያውን ልያዝ ብዬ ነስረዲንን መሪውን ተቀበለኝ አልኩት። ደንቡ መቀበሉን በእንግሊዝኛ በተወሰነ ቃል እንዲያረጋግጥልኝ ነው፤ ግን ሰው ሲደነግጥ አፉ ወደ ቤቱ ይሮጣል። «እሺ» አለኝ። ለቀቅሁ። ለካ እሱ «እሺ» ያለው «ሰምቼሻለሁ፣ የሬዲዮ ንግግሬን ልጨርስ» ማለቱ ነበር። ስምንት ሰከንድ ሙሉ አውሮፕላኑን የያዘ ሰው አልነበረም። ክንፉ ተጋደመ፣ አፍንጫው ወደ መሬት ዞረ። ካፒቴን መቅደስ ሁሉን ነገር አቁማ መብራቱን አበራችና ማን ሲያበርር እንደነበር ጠየቀችን። እኔ እሱን፣ እሱ እኔን ጠቆምን። የቀረን አንድ ዕድል ብቻ ነበር፤ ሁለተኛውን የወደቀ ይሰናበታል።

መርካቶ ተወልጄ የ«እሺ»ን ጠባይ መርሳቴ ነው የሚያናድደኝ። እዚህ ነጋዴ «እሺ» ሲልዎ አንዳንዴ «ይሁን» ነው፣ አንዳንዴ «ሂድልኝ» ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ «ጆሮ አለኝ» ከማለት አያልፍም።

እርስዎ ግን ይህን በወገብዎ ያወቁት ነው። እህል በረንዳ ጫኝና አውራጅ ሳሉ፣ ጋሼ ወልደሚካኤል ከመኪናው ላይ ሆነው የጤፍ ኩንታል ሲያወርዱልዎ «ያዝክ?» አሉዎት። እርስዎ ገና እግርዎን እያስተካከሉ «እሺ» አሉ፤ እሳቸውም ለቀቁት፤ ኩንታሉ ወገብዎ ላይ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ጀሪካን ስንቀባበል እንኳ «እሺ ማለት መያዝ አይደለም፤ ይዣለሁ ሲሉሽ ብቻ ልቀቂ» ይሉኝ ነበር። እኔ ግን ሸክሙ የወደቀብዎትን እርስዎን እንጂ የለቀቁት ሰውዬ ምን እንደተሰማቸው አስቤ አላውቅም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ጋሼ ወልደሚካኤልን ሰላም ሳልል አልፌያቸዋለሁ። የዚያን ዕለት እኔው ራሴ መኪናው ላይ የቆምኩት ሰው ሆንኩ። ፈተና መውደቅ ብቻ ቢሆን እነግርዎት ነበር። ይህን ግን ለመናገር አፈርኩ።

ከዚያ ወዲህ እኔንና ነስረዲንን ማን ይለየን። ሌላ ነገር እንዳያስቡ፤ ለሥራ ነው። እማዬ ሱቅ የበርበሬ ጆንያ እየተቀባበልን «ያዝክ?»፣ «ይዣለሁ» ስንባባል እማዬ የአውሮፕላኑን ትምህርት ትታችሁ ተሸካሚነት ጀመራችሁ ወይ ብላ ሳቀችብን።

ባለፈው ሐሙስ ሁለተኛውን ተፈተንን። ካፒቴን መቅደስ አልራራችልንም፤ ነጎድጓዱንም በረዶውንም አወረደችብን። ለማረፍ ዝቅ ስንል የግራው ሞተር ዘይቱ አልቆ ጠፋ። አውሮፕላኑ ወደ ግራ ሊዞር ሲል በቀኝ እግሬ ፔዳሉን ረግጬ ቀጥ አደረግሁት። ነስረዲን መመሪያውን እያነበበ ሞተሩን ዘጋነው። ተመስገን ልል ስል በእኔ በኩል ያለው ስክሪን ድርግም አለ። ከፍታዬን አላውቅ፣ አቅጣጫዬን አላውቅ፤ ውጭው ሁሉ ጉም ነው። የእሱ ስክሪን ግን ይሠራ ነበርና መሪውን ለእሱ መስጠት ነበረብኝ። ተቀበለኝ አልኩት። ይታይዎት እስቲ፣ ያ ሁሉ ጆንያ ተቀባብለን አሁንም «እሺ!» አለኝ።

አልለቀቅሁም። በእህል በረንዳ ድምፅ «ያዝክ ወይ?!» ብዬ ጮህኩበት። ነስረዲን ደንግጦ ሬዲዮውን ተወ፤ መሪውን ጨበጠ፣ እግሩን ፔዳሉ ላይ ተከለና «ይዣለሁ!» አለ። ክብደቱ ከእጄ ወደ እጁ ሲሄድ ተሰማኝ። ያኔ ለቀቅሁ። እሱ አበረረ፣ እኔ የቀረውን መመሪያ ጨረስኩ፤ በዚያ ዝናብ መሃል በአንድ ሞተር ማረፊያው ላይ አሳረፍነው።

ካፒቴን መቅደስ ያ የጮህሽው ከየትኛው መጽሐፍ ነው ብትለኝ የአባቴ ነው አልኳት። በደንቡ ቃል ስላልተናገርን ነጥብ ቀንሳብናለች፤ ልክ ናት። ግን አልፈናል አባባ! አልፈናል!

በማግስቱ እህል በረንዳ ሄጄ ጋሼ ወልደሚካኤልን ሰላም አልኳቸው። መጀመሪያ አላወቁኝም። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግራቸው ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ አሸብርማ ድሮ ይቅር ብሎኛል፣ አንቺን ነበር የምጠብቀው አሉኝ። ሰላም በይልኝ ብለዋል።

ለእትዬ ሠርኬ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በሉልኝ። ብሩክ፣ ስላነበብክ ተባረክ፤ ሳቅህን ግን ከዚህ እሰማዋለሁ። በቅሎዎንም አንገቷን እሹልኝ። እማዬ በጣም ናፍቀኸኛል በይልኝ ብላለች። ነስረዲንና እናቱ እትዬ አስያም ሰላምታቸውን ልከዋል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ለዚህ ትምህርት ስመዘገብ «አንቺን ለሰማይ አልለቅም» ብለውኝ ነበር። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ደጅ ወጥተው እስኪጠፋ እንደሚቆሙ ብሩክ ነግሮኛል። ከመስከረም በኋላ የምይዘው እውነተኛውን አውሮፕላን ነው። እርስዎ ቃሉን ሳይሰሙ እንደማይለቁ ስለማውቅ፣ ይኸው በእጄ ጽፌ እልዎታለሁ፤ አባባ፣ አሁን ይልቀቁኝ። ይዣለሁ።

ልጅዎ ፀደንያ አሸብር
ጎጃም በረንዳ፣ አዲስ ከተማ፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.