ከካርቱኑ ማግስት

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽልኝ እትዬ? እኔ ከሁለት ጥርስና ከአንድ የጎድን አጥንት በቀር ሙሉ ጤነኛ ነኝ፤ ተመስገን።

መቼም ወሬው ሳይደርስሽ አይቀርም። የጄኔራሉን ሆድ ከበሮ አስመስዬ የሳልኩበት ጋዜጣ በወጣ ማግስት፣ ጭንብል ያጠለቁ ጎረምሶች ቢሯችንን ሰብረው ገቡ። ዋና አዘጋጁን በገዛ ወንበሩ ፈነከቱት። የስዕል ጠረጴዛዬን በብረት እንክትክቱን አወጡት። ወደ እኔ ሲዞሩ አንደኛው መነጽሬን ቀስ ብሎ አወለቀና አጥፎ መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ አፌን በቡጢ አለኝ። ስወድቅ ሌሎቹ "እስቲ አሁን ሳቅብን!" እያሉ ጎድኔን በጫማ ወቀጡት።

ፖሊሱ "ሰው በጨረፍታ አይተህ የምትስል ሰውዬ፣ እነዚህን እንዴት አቃተህ?" ብሎ አፋጠጠኝ። "ፊታቸው ተሸፍኖ ምኑን ልሳል?" አልኩት።

ልጅሽ ከዚያ ቀን ወዲህ ቤት አልመጣም። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ትንሽ ሳለ፣ እየሳልኩ እንቅልፍ ሲጥለኝ መነጽሬን ከዓይኔ ላይ የሚያነሳልኝ እሱ ነበር፤ ትዝ ይልሻል?

ስትደውይለት፣ አጎትህ ደህና ነው፣ ቤቱም ክፍት ነው በይልኝ። መነጽሩም አልተሰበረም በይው።

ሦስታችንንም በአንድ ገበታ ያገናኘን።

ወንድምሽ