የአባዬ ተሳቢ ስፌት

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ህሩይ፤ የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ጭሮ ደህና ነን፣ ክብሩ ይስፋ።

አባዬ ለሐምሌ ሥላሴ አሰቦት ስንሄድ የምናድርበትን፣ ባጃጃችን የምትጎትተውን ተሳቢ ሸራ አልብሶ ጨረሰ። ዝናብ እንዳያስገባ በየስፌቱ ላይ ቀጭን ጨርቅ በኮላ ለጥፎ ቀለም ደረበበት። ዕድሜ ልኩን ሸራ ሰፊ አይደል፣ ድሮ ማንንም አያስነካም ነበር። አሁን ግን ስፌቱን በጣቱ እየዳበሰ፣ «ገሊላዬ፣ ያልተቀባ ቦታ ካለ ንገሪኝ» ይለኛል። አንዱን ጎን አረንጓዴ፣ ሌላውን ቡናማ ቀብቶ፣ «አንድ ዓይነት ሆነልኝ አይደል?» ሲለኝ፣ «እንዴት ያምራል!» አልኩት። እማዬ ቀና ብላ አየችኝና ወደ ጓዳ ገባች።

እመቤቴ ከሙቀቱ ትጋርድህ። ለበዓሉ ስትመጣ እንደ ልማድህ በሩ ላይ ቆመህ እስኪያይህ አትጠብቅ፤ ገና ከደጅ «አባዬ፣ ህሩይ ነኝ» በለው።

ናፋቂ እህትህ ገሊላ