አጥሩን ድንጋይ ያለበሱት እትዬ ሜትር

እህታችን ከዳቦ ጋጋሪዋ እናታችንና ከትምህርት ቤት ዘበኛው አባታችን በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ፤ ይህን የሕይወት ታሪካቸውን የማነበው ታናሽ ወንድማቸው፣ አራተኛው ልጅ ነኝ። በሐዘን ቀን ድምፄ ሞቅ ሞቅ ቢልባችሁ አትቀየሙኝ፤ ስለ እሳቸው ቀዝቅዞ ማውራት አልችልበትም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1963 ዓ.ም. ልብስ ስፌት ቤት ተቀጥረው ቁልፍ መትከል ጀመሩ፤ በሦስተኛው ዓመት ጨርቅ ቆራጭ ሆኑ። የልኬት ሜትሩ ከአንገታቸው ስለማይወርድ «እትዬ ሜትር» የሚለው ስም የወጣላቸው እዚያ ነው። ሰው ሰላም ሲሉ እንኳ ዓይናቸው ትከሻውን ይለካ ነበር። እኔን በሠርጌ ዕለት አቅፈው ከሳሙኝ በኋላ «ሁለት ጣት ወፍረሃል» አሉኝ፤ ልክ ነበሩ።

በ1970 ዓ.ም. ከከባድ መኪና ሹፌሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። በ1979 ዓ.ም. ቤት ሠሩ። የአትክልቱን ቦታ የከበበው አጥር ግን ልሙጥ ኮንክሪት እንደሆነ ቀረ። የስፌት መኪናቸው መስኮቱ ሥር ስለነበር ቀና ባሉ ቁጥር የሚያዩት እሱን ነው። «ሰፈሩን ሁሉ አልብሼ ይሄን ራቁቱን አስቀረሁት» ይሉ ነበር። ባለቤታቸው ይህን ሰምተው ከየሄዱበት መንገድ ዳር ጠፍጣፋ ድንጋይ እየለቀሙ ያመጡ ጀመር፤ ቀይ፣ ግራጫ፣ ማር የመሰለ ቢጫ። ጡረታ ስወጣ እለጥፈዋለሁ ያሉት ሰው ጡረታ ሳይወጡ በ2003 ዓ.ም. በድንገት አረፉ። ክምሩን አረም ዋጠው። ልጆቹ እንጣለው ሲሉ እህታችን «የአባታችሁን ልፋት ነው የምትጥሉት» ብለው ከለከሉ።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ሐኪማቸው ልባቸው መድከሙን ነገሯቸው። ሌላው ሰው አልጋ ይይዛል፤ እትዬ ሜትር ግን ያኔ ተነሡ። ዝናብ ሳይገባ አጥሩን ድንጋይ እንደሚያለብሱ፣ ክረምቱንም ችሎ ሲቆም ሳያዩ እንደማይሞቱ አስታወቁ። ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳያነሱ ከልክለዋቸው ነበር። ታዘዙ፤ እንዳነሳ እኔን አዘዙኝ።

አሮጌ አንሶላ በአጥሩ ልክ ሰፍተው ግቢው ውስጥ ዘረጉ። ድንጋዩን አጥበን፣ እያንዳንዱ ከጎኑ ካለው ጋር እስኪገጥም አንሶላው ላይ ደረደርነው። ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ወገቤን እስከ ዛሬ ያመኛል፤ እንደዚያ ያለ ደስታ ግን ከልጅነቴ ወዲህ አላየሁም።

ችግሩ ልብስ ከትከሻ መያያዙ ነው። እህታችንም በልብስ ስፌት ልማዳቸው መለጠፉን ከላይ ጀመሩ። ቅዳሜ ቀን ልጆቻቸው ሊያደንቁ ተሰብስበው ሳለ አርባ ሁለት ድንጋይ ዓይናችን እያየ ተንሸራቶ ወረደ። ትልቋ ልጃቸው አለቀሰች። እህታችን ጎንበስ ብለው አንዱን አገላብጠው አዩና «ስፌቱ ነው የለቀቀው፤ ጨርቁ ደህና ነው» አሉ።

በማግስቱ የሰፈሩን ግንበኛ አስጠሩ። ግንበኛው ሳቃቸው አልያዝ ብሏቸው «እትዬ፣ ግንብ የሚለብሰው ከእግሩ ነው» አሉ። ልሙጥ ኮንክሪት በመሮ ተወቅሮ ካልሻከረ ሲሚንቶ እንደማይዝ፣ ድንጋዩም ግድግዳውም ውኃ ካልጠጡ እንደማይጣበቁ እየሠሩ አሳዩን። ሲወጡ ግን ለእኔ ዝቅ ባለ ድምፅ «አይድከሙ፣ የዘንድሮ ዝናብ ያወርደዋል» አሉኝ። እህታችን ሰምተዋል፤ የደከመው ልባቸው እንጂ ጆሯቸው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው! እኔ እየወቀርኩ፣ እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው እየለጠፉ፣ ከመሬት ተነሥተን በቀን አንድ መደዳ ሄድን። ግንቦት 28 ቀን የመጨረሻው ድንጋይ ሲቀመጥ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አጨበጨበ። አጥሩ ከዳር እስከ ዳር አበራ። እትዬ ሜትር ሲሚንቶ በነካው እጃቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ «በልኩ ነው» አሉ።

በሐምሌ ሕመሙ ስለበረታባቸው አልጋቸውን ወደ መስኮቱ አስጠጋን። ዝናቡ ሲወርድ አጥሩን እያዩ ይውሉ ነበር። ክረምቱን ግን አልጨረሱትም። ነሐሴ 19 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ሦስት ልጆችን፣ አምስት የልጅ ልጆችንና ሦስት ታናናሾቻቸውን ትተው አልፈዋል።

ጽሑፉን እዚህ ላይ ጨርሼው ነበር። ትናንት ከሰዓት ግን ግንበኛው ለቅሶ ሊደርሱ መጡና፣ ሳይቀመጡ በቀጥታ ወደ አጥሩ ሄዱ። የለቀቀ ድንጋይ ሲመታ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። በመዶሻቸው እጀታ ከጥግ እስከ ጥግ እያንዳንዱን መቱ። ለቀስተኛው ሁሉ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ከስድስት መቶ ሠላሳው ድንጋይ ባዶ ድምፅ የሰጠ አንድ ብቻ ተገኘ። እሱም እህታችንን ለማስተማር ግንበኛው በገዛ እጃቸው የለጠፉት ነበር። እዚያው ቆመው እየሳቁ አለቀሱ፤ እኛም አብረናቸው።

ሰውን ሲያለብሱ የኖሩትን እህታችንን ፈጣሪ ምሕረቱን ያልብስልን።