ወደ አበባው መሐል ስለተዛወረው ድንጋያችን

ለተከበሩ የከተማችን ከንቲባ፤
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ቤተሰብዎ ደህና፣ እንቅልፍዎ ጥልቅ፣ ጫማዎ ደረቅ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ፤ በተለይ የመጨረሻውን ምኞቴን እንደ ተራ የደብዳቤ ወግ እንዳይቆጥሩብኝ አደራ እላለሁ። እኔን ሳያስታውሱኝ አይቀሩም። የመሬት ጥናት ተምሬ በመሥሪያ ቤትዎ የፕላን ክፍል ውስጥ የነበርኩት፣ «ሕዝብ በማሸበር» ተብዬ የተሰናበትኩት ልጅ ነኝ። ስለ ስንብቱ አመሰግናለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ተራራውን ቀና ብዬ ለማየት ሰፊ ጊዜ አግኝቻለሁ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፍልዎ አሽጌ የላክኋቸው ሳይከፈቱ ስለተመለሱልኝ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ፤ ክቡርነትዎ ያውቁታልና በትዕግሥት ይለፉኝ። በአያቶቻችን አያቶች ዘመን ተራራው ተንዶ፣ ጭቃና ቋጥኝ ጅረቱ በሚወርድበት ፈፋ ወርዶ፣ ሜዳው ላይ የነበረውን ሰፈር ጠርጎ ወሰደው። የተረፉት ወደ ጉብታው ሮጠው የወጡት ብቻ ነበሩ። እነዚያ ሰዎች ጉብታው ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ድንጋይ አቁመው ሁለት መስመር ቀረጹበት። የላይኛው «ተራራው ሲያጉረመርም ወደዚህ ሩጡ» ይላል። የታችኛው «ከዚህ በታች ቤት አትሥሩ» ይላል። ስሙንም መድረሻ አሉት። ማንበብ ለማይችለው ደግሞ ጨዋታ ተዉለት፤ በዚህች ከተማ አባሮሽ ሲጫወቱ መድረሻን የነካ ልጅ አይያዝም። በዚህ ምክንያት ሜዳው ለትውልድ ባዶውን ኖረ፣ ልጁም ሁሉ የሚሸሽበትን መንገድ እግሩ አወቀው። እርስዎም ተጫውተውታል። በልብስ ሰፊነቷ የእርስዎን የተማሪ ቤት ሱሪ ስትጠግን የኖረችው አያቴ፣ «እሱ እንኳ ዳገቱ ላይ ቁጭ ብሎ ያለቅስ ነበር፤ ጓደኞቹ ናቸው ጎትተው የሚያደርሱት» ትላለች። የድሮ ሰው ነገር አይረሳምና ይቅርታ ያድርጉላት።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፤ መድረሻን ስላዛወሩልን እናመሰግናለን። አንድ ቀን ጠዋት ክሬን መጥቶ ከጉብታው ነቅሎ፣ ሜዳው ላይ ወደ ተሠራው አዲሱ ማዘጋጃ ቤት ግቢ ወሰደው። «ቅርስን ወደ ሕዝብ ማቅረብ» ነው ተባልን። አበባ ተተከለለት፣ መብራት በራለት፣ ዙሪያው በአጥር ተከበበ። እውነት ለመናገር አምሮበታል። የቀረው ትንሽ እንከን ቢኖር «ወደዚህ ሩጡ» የሚለው ጽሑፍ ዛሬ ሰውን የሚጠራው ናዳው ወደሚያርፍበት ቦታ መሆኑ ነው። ጉብታው ላይ ደግሞ ጉድጓዱ ቀርቷል፤ ዝናብ ሞልቶታል።

ሁለተኛ፤ ለደህንነታችን ስለተጨነቁልን። መሐንዲስዎ ድንጋዩ ወድቆ ጎብኚ እንዳይጎዳ ብለው ግንበኛውን «ጠለቅ አድርገህ ትከለው» አሉት፤ እሱም የታዘዘውን አደረገ። የታችኛው መስመር ሲሚንቶ ውስጥ ገባ። ቤት አትሥሩ የሚለው ቃል የተቀበረው እርስዎ ሜዳው ላይ ሁለተኛውን ሕንፃ ባስመረቁበት ሰሞን መሆኑ አጋጣሚ እንጂ ሌላ እንዳልሆነ፣ ለሚያሙዎት ሁሉ እየዞርኩ አስረድቻለሁ።

ሦስተኛ፤ ያ ሁለተኛው ሕንፃ መዋዕለ ሕፃናት ስለሆነ። ከፈፋው አፍ ፊት ለፊት፣ መስኮቶቹ ሰፋፊ፣ ግድግዳው ላይ ቢራቢሮ የተሳለበት ቤት ነው። ታላቅ እህቴ እዚያ መምህርት ናት፤ የእሷም ልጅ እዚያው ትማራለች። ስለ ሕንፃው ፕላን በተጠራው ስብሰባ ላይ የተራራው ወገብ መሰንጠቁን በፎቶግራፍ ሳሳይ መሐንዲስዎ ምን እንዳሉ ያስታውሳሉ፤ «እህቴ፣ የድሮ ሰዎች ድንጋይ ላይ የጻፉት ፕላን ስላልነበራቸው ነው። እኛ ፕላን አለን።» አዳራሹ ሳቀ፣ እርስዎም ሳቁ። እኔ የጠየቅሁት ፕላኑ ለተራራው በግልባጭ ደርሶት እንደሆነ ብቻ ነበር። ከሥራ ያሰናበተኝ ይህ አንድ ጥያቄ ነው። አልጸጸትበትም፤ መልሱንም እስካሁን እየጠበቅሁ ነው።

በምረቃው ዕለት ሕፃናቱን በሰልፍ ወደ ግቢዎ አስመጥተው፣ ከረሜላ አድለው፣ ድንጋዩን መታ መታ እያደረጉ «ልጆች፣ ከዛሬ ጀምሮ መድረሻ እዚህ ነው» አሏቸው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ክቡርነትዎ ሳይረሷት አልቀሩም። ልጆቹ ግን አልረሷትም።

አራተኛውን ለመጻፍ እጄ ዘግይቷል። ባለፈው ሳምንት፣ ሕፃናቱ ምሳ በልተው ምንጣፋቸው ላይ በተጋደሙበት ሰዓት፣ ከተራራው ወገብ አንድ ጎን ተገምሶ ወደቀ። ትልቅ አልነበረም፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ድምፁ ግን ከወለሉ ሥር መጣ፤ እህቴ እንደምትለው ብርጭቆዎቹ መደርደሪያ ላይ ሆነው እርስ በርስ ተነጋገሩ። «ተነሡ፣ ወደ መድረሻ!» ብላ ወደ ጉብታው አቅጣጫ ወጣች። ግማሾቹ ተከተሏት። ግማሾቹ የእርስዎን ቃል አምነው ቁልቁል ሮጡ፣ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ።

እንደ ጥሩ ዜጎች ባዶ እግራቸውን፣ በፈፋው ዳር፣ በሩ ድረስ ደረሱ። ጥበቃው መታወቂያ የሌለውን እንዳያስገባ ታዟልና ቆለፈባቸው። መጀመሪያ ጨዋታ መስሎት «ቀጠሮ አላችሁ?» ብሏቸው ነበር። አልፈርድበትም፤ ደመወዙን የሚያገኘው በር በመዝጋት ነው። የእህቴ ልጅ እጇን በበሩ ብረት መሐል አስገብታ ድንጋዩን ለመንካት ሞከረች፤ አልደረሰችም። እናቷ እያለከለከች መጥታ ስታገኛት አላለቀሰችም። «እማዬ፣ እኛ ደርሰን ነበር እኮ» አለቻት፤ «መድረሻ ነው የተቆለፈው።»

አምስተኛ፤ ስለ ፈጣን ምላሽዎ። በማግስቱ ለመዋዕለ ሕፃናቱ ኃላፊ ማስጠንቀቂያ ደረሳት፤ «ያለ ፈቃድ በቡድን ወደ መንግሥት ግቢ መምጣት» የሚል። ከሰልፈኞቹ መካከል በዕድሜ ትልቁ የወተት ጥርሱ ገና አልተነቀነቀም። እኔ የፕላን ክፍል ሳለሁ የተራራውን ስንጥቅ የሚያይ ሰው ላኩ ብዬ ስለምን ከርሜአለሁ፤ ለተራራው ያልተገኘው ፍጥነት ለሕፃናቱ መገኘቱ አስደስቶኛል።

እንግዲህ ምስጋናው እዚህ ላይ ይበቃል። እኛ የላይ ሰፈር ሰዎች በበኩላችን ዝም አላልንም። እሑድ ዕለት ተባብረን ጉብታው ላይ ሌላ ድንጋይ አቁመናል። እንደ ቀድሞው አያምርም፤ ጠማማ ነው፣ ጽሑፉንም የቀረጸው የመቃብር ሐውልት ሠሪው ስለሆነ ፊደሉ ትንሽ ያስፈራል። ልጆቹን ከሰዓት በኋላ ሽቅብ ማሯሯጥ ጀምረናል። ታላላቆቹ ገብቷቸዋል። የእህቴ ልጅ ግን ትናንት «አክስቴ፣ እውነተኛው የትኛው ነው? አበባ ያለው ነው አይደል?» አለችኝ። ፍርሃት የያዘው ሕፃን ቆሞ አያመዛዝንም፤ እግሩ ወደሚያውቀው ይሮጣል።

ስለዚህ የምጠይቅዎ ሦስት ነገር ነው። ሕፃናቱ ክረምቱ እስኪወጣ ላይ ሰፈር ባለው አሮጌ ትምህርት ቤት ይማሩ። ድንጋያችን ወደ ቦታው ይመለስ። ሁለቱም ከክብርዎ በታች ከሆኑ፣ ቢያንስ በሩ አይቆለፍ፤ የሚመጣው ሲመጣ በብረቱ መሐል እጅ ሲዘረጋ ማየት ለእርስዎም ለጎብኚም ደስ አይልም።

ትንሽ ይፍጠኑ ብል ድፍረት አይሁንብኝ። የድሮዎቹ ለልጆቻቸው በቃል ያስተላለፉት አንድ ሌላ ምልክት አለ፤ ዝናብ እየዘነበ ፈፋው ከቀጠነ፣ ከላይ የሆነ ነገር ውሃውን ይዞታል ማለት ነው፤ የያዘውን ደግሞ አንድ ቀን ይለቀዋል። እኔ የተማርኩበት መጽሐፍም ረዘም ባለ ቋንቋ ያንኑ ይላል። ይህን ስጽፍልዎ ዝናቡ ከትናንት ጀምሮ አላባራም። ፈፋው ግን ከመስኮቴ አይሰማም። አያቴ የስፌት መኪናዋን መርገጥ አቁማ ጆሮዋን ወደ ውጭ አዙራለች። ወላጆች ዛሬ ልጆቻቸውን ቤት አስቀርተው ነበር፤ ከቢሮዎ ግን ነገ ያልመጣ ልጅ ቦታውን ያጣል የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። እህቴ ነገ የመዋዕለ ሕፃናቱን በር አልከፍትም ብላለች። እንደ እኔ ቢያሰናብቷት ታመሰግንዎታለች፤ ምስጋና በቤታችን የተለመደ ነው።

ለክቡርነትዎ ያለኝ አክብሮት ከጉብታው ላይ ሆኜ ቁልቁል ስመለከትዎ የማይቀንስ መሆኑን እያረጋገጥኩ፣ ረጅም ዕድሜ፣ በተለይም ለዚህ ክረምት የሚበቃ ዕድሜ እየተመኘሁልዎ እሰናበታለሁ።

የቀድሞ ሠራተኛዎ፣
የመምህርቷ እህት

ግልባጭ፦
ለመዋዕለ ሕፃናቱ ወላጆች
ለማዘጋጃ ቤቱ ጥበቃ፣ ከቁልፉ ጋር
ለተራራው

ማሳሰቢያ፦ አዲሱን ድንጋይ ያለ ፈቃድ የተሠራ ግንባታ ነው ብለው ሊያስፈርሱት እንዳሰቡ ሰምቻለሁ። ሰዎችዎን ሲልኩ ሐውልት ሠሪው ከሁለቱ መስመሮች ሥር ለስልሶ የተጠረበ ባዶ ቦታ እንደተወ ይነግሩዎታል፤ የረሳው አይደለም፣ እኔ ነኝ ያዘዝኩት። ተራራው ዝም ካለ ባዶውን ይኖራል። ዝም ካላለ ግን የመጀመሪያውን ድንጋይ ማን እንዳነሣው እዚያ ይጻፋል፤ ቦታውም ለእርስዎ ስም ከነሙሉ ማዕረግዎ እንዲበቃ ተደርጎ ተለክቷል።