በባንዳ ረድፍ የተሰፋው ኮከብ

ሰኞ፣ መጋቢት 6

«ቁጥር 14፣ ባለ ኮከብ የናስ ምልክት፣ የባንዳ መሆኑ ስለ ተረጋገጠ፣ በዚሁ መግለጫ ከሰጪዋ ከወይዘሮ ጫልቱ ስም ጋር ለሕዝብ ይቀርባል።»

ዛሬ ከበዓሉ ኮሚቴ የደረሰኝን ደብዳቤ ቃል በቃል ገለበጥኩት። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው። ማን እንዳረጋገጠው ግን አይናገርም።

ለድል በዓሉ ትርኢት ያዋስኳቸው ሃያ ስምንት የወታደር ምልክቶች ናቸው። የቆብ፣ የትከሻ፣ የአንገትጌ። ከመቱ፣ ከጎሬና ከቡሬ ገበያ ዐሥራ ሁለት ዓመት ለቀምኳቸው፤ አንዳንዱን ከበቅሎ ልጓም ላይ አስፈትቼ ነው የገዛሁት። ሃያ ሰባቱን አውቃቸዋለሁ፤ የማን ጦር፣ የምን ማዕርግ፣ ምን ላይ እንደሚለጠፍ። ዐሥራ አራተኛውን አላውቀውም። ሁለት ዓመት መረመርኩት፣ አላወቅኩትም። ቤሩት ድረስ ሄጄ የተማርኩት እኔ ያላወቅኩትን አንድ ኮሚቴ በሳምንት አረጋገጠው!

ምልክቱ የእኔ አይደለም። የቡሬዋ እትዬ ጫልቱ ከሟች ባላቸው ከአቶ ጉደታ ሣጥን አውጥተው ነው የሰጡኝ። «የማን እንደሆነ ፈልግልኝና መልስልኝ» ብለው። እሺ ብዬ ቃል ሰጠሁ። አሁን ሚያዝያ 27 ቀን አገሩ በሙሉ ተሰብስቦ «ባንዳ» የሚለውን ከስማቸው ጎን ያነባል። እሳቸው ማንበብ አይችሉም። ጎረቤት ያነብላቸዋል።

ነገ ኮሚቴው ዘንድ እሄዳለሁ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 7

ምነው ባልሄድኩ።

የኮሚቴው ጸሐፊ ታደለ ነው፤ ድሮ ጂኦግራፊ ያስተማርኩት። ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩለት።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ። ቆመው ሲቆጡኝ የቤት ሥራ ያልሠራሁ ይመስለኛል።»

«ማነው ያረጋገጠው?» አልኩ።

«እርስዎ ነዎት።»

ጥቁሩን ጨርቅ አውጥቶ ዘረጋው። የራሴ ጨርቅ ነው። ምልክቶቹን በእጄ ሰፍቼ፣ በአራት ረድፍ፣ ሰባት ሰባት አድርጌ የላክሁት። አንደኛው ረድፍ ጣልያን። ሁለተኛው ባንዳ። ሦስተኛው የእኛ። አራተኛው እኛን ለመርዳት የመጡ የውጭ ጦሮች። ቁጥር 14 የሁለተኛው ረድፍ መጨረሻ ላይ ተቀምጧል።

የባንዳ ምልክት ያለኝ ስድስት ብቻ ነው። ሰባተኛው ቦታ ባዶ ሆኖ ሲታየኝ ዓይኔን ወጋኝ። ሞላሁት። ይኸው ነው።

«ዝርዝሩ ላይ ‹ያልታወቀ› ብዬ ጽፌያለሁ!» አልኩት።

«ዝርዝሩማ ይላል። ግን ጋሼ ያለ ቦታው ምንም ነገር አያስቀምጡም ብለን ነው። ደብተራችን ላይ መስመር ሲጣመም በማስመሪያ ይመቱን የነበሩ ሰው!» በክፍሉ የነበሩት ሁለት ጸሐፊዎች ሳቁ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ውሳኔውን የሚሽረው ኮሚቴው ብቻ ስለሆነ ማስረጃ ይዤ እንድመጣ ነገረኝ።

ተናድጄ ወጣሁ። በማን እንደ ተናደድኩ ግን አልተለየልኝም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 8

ቡሬ። በጭነት መኪና፣ ከጨው ጆንያ ላይ ተቀምጬ። ጎሬ ላይ ጭጋግ፣ ከዚያ ወዲያ ዝናብ። ጫማዬ ተበላሸ።

እትዬ ጫልቱ ደጃፋቸው ላይ ጎመን ይቀነጥሱ ነበር። ከመቀመጤ በፊት ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ደብዳቤውንም፣ ረድፉንም።

«ከባንዳ ጎን ሰፋኸው?»

«ቦታው ባዶ ስለነበረ ነው፣ እትዬ።»

«ከእኛ ሰዎች ጎንስ?»

«ሞልቶ ነበር።»

ጎመኑን መቀንጠስ ቀጠሉ። ኋላ ሳልጠይቃቸው ማውራት ጀመሩ። በጦርነቱ መጨረሻ ክረምት ሲገባ ጥቁር ወታደሮች በደጃቸው አለፉ። ቋንቋቸው ኦሮምኛም አማርኛም አይደለም። አቶ ጉደታን መንገድ ምራን ብለው በእጅ ምልክት ጠየቁት። ሦስት ቀን ጠፍቶ ተመለሰ። ይህ ኮከብ ኪሱ ውስጥ ነበር።

የዚያን ጊዜ ከኮንጎ የመጣው ጦር ጣልያንን በዚህ በኩል ያባርር ነበር። የኮንጎም ምልክት ኮከብ ነው።

«ጣልያንን እያባረሩ ነበር የሚሄዱት?» አልኩ።

«እየሮጡ ነበር።»

«እያባረሩ ነው ወይስ እየሸሹ?»

«አንተ ሰው፣ የሚሮጥ ሰው እኮ ከኋላው ሲታይ ያው ነው። የዚያን ሰሞን ማን ያልሮጠ ነበር?»

ጣልያንም ከሌላ አገር ያመጣቸው ጥቁር ወታደሮች ነበሩት። ጣልያንም ኮከብ ይለጥፋል። የያዝኩት ሁሉ ከእጄ አመለጠ።

አቶ ጉደታ ምን ብሎ እንደነበር ጠየቅኩ። ምንም። ተሰጥቶት ይሁን፣ አንሥቶት ይሁን፣ በማር ለውጦት ይሁን አልተናገረም። «ሃያ ዓመት አብሬው ስኖር አልጠየቅኩትም። ያንተ ኮሚቴ ማንን ጠይቆ አወቀ?» አሉኝ።

ልነሳ ስል ደግሞ፣ «ያኔ ሲያመጣው ሰማያዊ ነገር ነበረበት። አንተ ጋ ሄዶ ነው የነጣው።»

ሐሙስ፣ መጋቢት 9

መዝገቤን አገላበጥኩ። አዲስ ዕቃ ሲገባ የማየውን ሁሉ እጽፋለሁ። ይኸው፣ በራሴ ጽሕፈት፦ «በኮከቡ ዙሪያ ጥጋጥጉ ላይ ሰማያዊ ቆሻሻ። በሎሚና በአመድ ታሽቶ ለቀቀ። አሁን ንጹሕ።»

ንጹሕ!

የኮንጎ ኮከብ የሚቀመጠው በሰማያዊ መደብ ላይ ነው። ቀለም ከነበረ የአቶ ጉደታን ስም የሚያጠራው ማስረጃ ያ ነበር። በአመድ ፈትጌ ደፋሁት።

ወይም ደግሞ የናስ ዝገት ነበር። ናስ ሲዝግ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ቀለም ነበር ብዬ ልጽፍ ፈለግሁ፤ እጄ አልታዘዘኝም። ዝገት ነበር ልልም አልቻልኩም።

ከጀርባው ያለው ማንጠልጠያ አገር ቤት አንጥረኛ የበየደው ነው፤ የፋብሪካው ምልክት ከሥሩ ተሸፍኗል። ኮሚቴው ሲመልስልኝ ልንቀለው? ብነቅለው ይሰበራል። ይቅር። እጄን ከዚህ ዕቃ ላይ ማንሣት አለብኝ።

እትዬ ጫልቱ ሲሸኙኝ ያሉኝ ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ነው፦ «ሂንቤኩ በል። አላውቅም ማለት አስተማሪን ይገድላል እንዴ?»

ዓርብ፣ መጋቢት 10

ጠዋት ለኮሚቴው የጻፍኩትን ደብዳቤ ሁለት ቅጂ አድርጌ ለታደለ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። ሲጨርስ አልሳቀም። «ጋሼ፣ ይህን ክፍል ውስጥ አንድ ቀን ቢሉልን ኖሮ ባልፈራንዎት» ብሎ ቅጂዬ ላይ ማኅተም መታልኝ። ኮሚቴው ይቀበለው እንደሆን ግን እሱም አያውቅም።

እንዲህ ይላል፦

«ቁጥር 14ን ከባንዳ ምልክቶች ጎን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ያደረግሁት በማስረጃ አይደለም፤ ባዶ ቦታ ስለ ጠላሁ ነው። ማስረጃ ሊሆን ይችል የነበረውንም ሳጸዳ አጥፍቼዋለሁ። ምልክቱ የወዳጅ ይሁን የጠላት አላውቅም። እናንተም አታውቁም። ስለዚህ ‹ተረጋገጠ› የሚለው ቃል ተሠርዞ ‹የማን እንደሆነ አይታወቅም፤ የአቶ ጉደታ ንብረት› ተብሎ ይጻፍ። ጨርቁ ለአንድ ቀን ይመለስልኝ። አምስተኛ ረድፍ እጨምርበታለሁ። በረድፉ ላይ ቁጥር 14 ብቻውን ይሰፋል፤ ስድስቱ ቦታዎች ባዶ ይቆያሉ። ይህን የማትቀበሉ ከሆነ ምልክቱን ለወይዘሮ ጫልቱ እንድመልስ አስረክቡኝ። መልሳችሁን እስከ መጋቢት 25 ቀን ድረስ፣ አሁንም ‹ተረጋገጠ› የምትሉ ከሆነ ያረጋገጠው ሰው ስም ተገልጾ፣ በጽሑፍ እንድትሰጡኝ እጠይቃለሁ።»