ዩኒቨርሲቲው ሽማግሌ ላከ

ረቡዕ፣ ማርች 12

እኔ ሐምራዊት አበጋዝ፣ በሙሉ ጤንነቴ፣ ማንም ሳያስገድደኝ እናዘዛለሁ፤ በዐቢይ ጾም፣ ያውም በረቡዕ፣ ሄግ፣ ሆላንድስ ስፖር ባቡር ጣቢያ ቆሜ አንድ በዘይት የተጠበሰ የሥጋ ክሮኬት በልቻለሁ። ምላሴን አቃጠለኝ... ቅጣቱ እዚያው ተፈጸመ ማለት ነው።

የበላሁት በደስታ ነው። ሁለቱም ተቀበሉኝ! ሊዝበን፦ ኢኮኖሚክስ፣ በውጤቴ ሙሉ ስኮላርሺፕ። ኖርዌይ፦ የመርከብ ምህንድስና፣ ግማሽ ስኮላርሺፕ።

አባዬ የሰማው "ሙሉ" የሚለውን ብቻ ነው። እሑድ ቅዳሴው ሳያልቅ ደብሩ ሁሉ ያውቀዋል።

ቅዳሜ፣ ማርች 22

የኖርዌዩን ዩኒቨርሲቲ ጎብኝቼ ተመለስኩ።

አዳራሽ ውስጥ ባሕር አላቸው። ባሕር! ጣሪያ ያለው... አንዲት ተማሪ አዝራር ስትጫን ውኃው ከዳር ተነሣ፣ ማዕበል ሆኖ መጣ። ክንዴን የምታክል የሙከራ መርከብ አጎነበሰች፤ ቀና አለች። ሁላችንም አብረናት አጎነበስን፣ ቀና አልን። እኔም! (መዝግቡልኝ።)

"ሞክሪ" አለችኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ተጫንኩ።

ባሕሩ ታዘዘኝ።

እሑድ፣ ማርች 23

ለአባዬ ነገርኩት።

"ነፃውን ትተሽ ብርድ ልትገዢ?"

"ባሕሩ እኮ ታዘዘኝ፣ አባዬ።"

"እኔ ሮተርዳም ወደብ አይደል የምሠራው? ባሕር ምን አለው? ንፋስ።"

የመልሱ ቀን ሰኞ፣ ማርች 31 ነው። ከዚያ በኋላ ቦታዬን ለሌላ ይሰጡታል።

አባዬ የማይችለው አንድ ነገር ምንድነው?... ቤቱ የመጣ ሽማግሌ ማሳፈር።

ማክሰኞ፣ ማርች 25

ጋሽ ማንደፍሮን ያዝኳቸው። የሄግን ሐበሻ ያጋቡ እሳቸው ናቸው፤ ንግግር ከጀመሩ ትራም ያመልጣቸዋል።

"ሽማግሌ ይሁኑልኝ።"

"ማን ሊያገባሽ?!"

"ኖርዌይ።"

ሳቁ። ከዚያ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ፦ "ጥሎሹስ?"

"ግማሽ።"

"ሌላው ሙሉ ይዞ ቆሞ? ከባድ ነው... ብቻዬን አልችለውም።"

እትዬ አበባይሽን ጨመርን። ዞተርሜር ከተማ አረጋውያን ሲንከባከቡ ነው የሚውሉት፤ ግትር ሰው ማግባባት ሥራቸው ነው።

ቅዳሜ፣ ማርች 29

መጡ። ከወጥ ቤቱ በር ኋላ ቆሜ፣ በክፍተቱ እያየሁ እየጻፍኩ ነው።

እንደ ወጉ ቆመው ቀሩ። "ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም።" አባዬ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ለእኔ ሽማግሌ! ገና በአሥራ ስምንት ዓመቴ!

"ልጅህን ለልጃችን እንድትሰጠን ነው" አሉ ጋሽ ማንደፍሮ።

"የማን ልጅ?"

"ከሰሜን ነው። ጨዋ ነው። ቤቱ ውስጥ ባሕር አለው።"

አፌን በክንዴ አፈንኩ።

ገባው። ይስቃል ስል... አልሳቀም። ተነሥቶ ቆመ፤ ለእውነተኛ ሽማግሌ እንደሚቆመው።

"ከሊዝበንም ጠይቀዋታል" አለ ቀስ ብሎ። "ሙሉ ይዘው።"

"አበጋዝ፣ ጥሎሽ ቆጥሮ ልጁን የሚድር ምን ዓይነት አባት ነው?" አሉ እትዬ አበባይሽ። "ባሕሩን የምታዘው አዝራር ላይ እጇ ተንቀጠቀጠ አሉ።"

"የማን? የሐምራዊት?"

"የእሷ።"

"ይቺ ቄሱን እንኳ የማትፈራ?"

ወደ መስኮቱ ዞረ። ባሕሩን ያየው መሰለኝ... ከሄግ፣ ከላክ ሰፈር፣ ከሳሎናችን ሆኖ።

"እንግዲህ ወግ ነው" አለ። "ልጅቷ ትጠየቅ። እሺ ካለች ለጎደለው እኔ አለሁ... የታለች?"

ጫማዬ በበሩ ሥር ይታያል እንዴ?

"ሐምራዊት!"