በነጭ ክር የተሰፋ ድምፅ

ይድረስ ለምወድዎ አባባ፤

እንደምን ከረሙ? ወገብዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ደረጃውን ያወጣዎታል? ዐይንዎ ጨርሶ ደከመ መባሉን ከሰማሁ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ እርስዎ ዘንድ ነው። እኔ ከናፍቆት በቀር ደኅና ነኝ። ደብዳቤውን የምታነብልዎ እህቴ መስመር እንዳትዘል አደራ ይበሏት፤ ልማዷን አውቃለሁ።

ስለ ሥራዬ ጠይቀውኝ ነበር። ሥዕል፣ ድምፅና ጽሑፍ እያጣመርን የማስተማሪያ ፊልም እናዘጋጃለን። እኔ ሥዕል አልሥልም፣ ካሜራም አልይዝም፤ ማን ምን ሠርቶ መቼ እንደሚያደርስ እከታተላለሁ። በስፌት ቤትዎ ግድግዳ ላይ እንደነበረው ገመድ ወጥሬ ወረቀት ሰቅዬበታለሁ፦ የተለካ፣ የተቆረጠ፣ የተሞከረ፣ ያለቀ። ሠዓሊያችን ሲያልፍ «እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አጥበሽ አሰጣሽ?» ይለኛል።

ባለፈው ወር ግን ጉድ ሠራሁ። አንዲት አዋላጅ ነርስ ለአዲስ እናቶች ስለ ሕፃን አስተጣጠብ ፊልም አዘዘችን። ቀኑ ሲጣበብብኝ «የተሞከረ» የሚለውን ዘለልኩና እሷ ሳታየው የተራኪውን ድምፅ አስቀዳሁ። ስታየው የሕፃኑ ራስ መታጠብ ያለበት መጨረሻ ላይ ነው አለች። ድምፁ ከሥዕሉ ጋር ተሰፍቷልና አንዱን ስንስብ ሌላው ተተረተረ። ተራኪው ደግሞ ርቆ ሄዷል። አለቃችን ጥፋቱ የማን ነው ሲል የኔ ነው አልኩ። በሳምንት ካልደረሰ ቦታዬን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ነገረኝ።

ያን ጊዜ ትዝ አሉኝ። የሙሽራው ኮት ትከሻው ላይ የጠበበ ዕለት ማንንም ሳይቆጡ መነጽርዎን አጥልቀው መተርተር ጀመሩ። በኋላ በሚመዘዝ ነጭ ክር ላላ አድርገው ሰፍተው እንደገና አስለኩት። ክሩን ስመዝ «ቀስ ብለሽ፣ ቀስ ብለሽ» ይሉኝ ነበር። የትኩስ ካውያና የእርጥብ ሱፍ ሽታው ዛሬም አልለቀቀኝም።

እኔም በነጭ ክር ሰፋሁት። ጽሑፉን አስተካክዬ፣ ለሙከራ ብቻ በራሴ ድምፅ ስልኬ ላይ አነበብኩትና ከሥዕሉ ጋር አጋጥመን አሳየናት። አዋላጇ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ቅደም ተከተሉ ልክ ነው፣ ተራኪም አትፈልጉ፣ እናቶቹ እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚሰሙት አለች። ሊመዘዝ የገባው ክር ልብሱ ላይ ቀረ፤ እኔም ሥራዬ ላይ።

ፊልሙን በእህቴ ስልክ ልኬዋለሁ። ሥዕሉ ባይታይዎ ግድ የለም፤ ዐይንዎን ጨፍነው ይስሙኝ። «ቀስ ብለሽ» የምልበት ቦታ ሲደርሱ የማን ቃል እንደሆነ ያውቁታል።

እማማን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። እህቴን ከነልጆቿ፣ ጎረቤታችንን ጫማ ሰፊውን ሰላም ይበሉልኝ። የስፌት መኪናውንም አቧራውን ያስጠርጉልኝ።

ልጅዎ፣
ከገመዱ ሥር ካለው ጠረጴዛዬ፣ ሐምሌ 9 ቀን